የአብዬ ሰይፉ ንቦችና ያልደረሳቸው መድኃኒት

ጡረታ የወጣሁት ባል እንኳ ሳላገባ ነው። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል፤ ይሳቅ። ከሥራ ያስወጣኝ ዕድሜ ሳይሆን ንብ ነው። ሐኪሙ "ከእንግዲህ አንዲት ንብ ብትነድፍሽ ጉሮሮሽ ሊዘጋ ይችላል፤ ሌላ ሥራ ፈልጊ" አለኝ፤ ፈለግሁ። አሁን ሞላሌ ከተማ ገበያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆሜ የሰው ማመልከቻ አባዛለሁ። ወረቀት አይናደፍም። ግን ቀኑን ሙሉ አብሬው ውዬ አንድም አዲስ ነገር አሳይቶኝ አያውቅም።

የመጀመሪያ ሥራዬ ዘመሮ በምትባል ከተማ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ ሳያስገባኝ ሲቀር የበግ ክትባት ቡድን ውስጥ በግ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው ስሙ ላይ አልቋል፤ በግ መያዝ ነው። አለቃዬ ጥያቄ የማይወድ ሰው ነበር። "ይሄ ክትባት ለየትኛው በሽታ ነው?" ስለው "አንቺ እግሩን ያዢ" ይለኛል። እግሩን ይዤ ይዤ ሰለቸኝ። ስለዚህ ዶክተር መላኩ የሚባል ሰው ጽሕፈቷ የሚነበብ የመስክ ረዳት ፈልጎ ሲመጣ ከሁሉ ቀድሜ ተነሣሁ።

"ንብ ትፈሪያለሽ?" አለኝ።

"ከበግ ይሻላል።"

"በግ ምን አደረገሽ?"

"ምንም። እሱ ነው የሰለቸኝ።"

ሳቀና ቀጠረኝ። "አንተ በይኝ" ያለኝም ያን ዕለት ነው። ደመወዙ ከበጉ እምብዛም አይሻልም፤ ይዘገያልም። ግን ዶክተር መላኩ ሲጠየቅ ይመልሳል። አንዳንዴ እንዲያውም ካልጠየቅሁት ያኮርፋል።

እሱ ራሱ ትምህርቱን የተማረው በንብ አልነበረም። ባሕር ማዶ ሄዶ ያጠናው ሽሪምፕ የሚባል የባሕር እንስሳ ነው። ሰዎች እንደ ዶሮ በኩሬ ያረቡታል፤ ቫይረስ ሲገባበት ቅርፊቱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣና ኩሬው ሙሉ ያልቃል። ያንን ቫይረስ የሚያስቆም አዲስ ዘዴ ሲሞክሩ አብሮ ሠርቷል። አገሩ ሲመለስ ባሕር የለም። "ግን ሽሪምፕና ንብ የሩቅ ዘመዶች ናቸው፤ ሁለቱም አጥንታቸውን ከውጭ ነው የለበሱት" ይል ነበር። ዘዴውን ወደ ንብ ያመጣው በዚህ ዝምድና ነው።

የተመደብነው ከሞላሌ ወደ ቆላው በኩል ሲወረድ ባለች መንደር ነው። እዚያ የንብ እጭ እያለቀ ነበር። ዶክተሩ ገበሬዎቹን ሰብስቦ የሽሪምፑን ነገር ሲያጫውት፣ እትዬ አሰለፈች የሚባሉ ባለ ብዙ ቀፎ ሴት ከፊት ተቀምጠው በጥሞና አዳመጡና ጠየቁ።

"ይበላል?"

"አዎ፣ ይበላል።"

"በጾም?"

"እሱን እንኳ ቄሱን ይጠይቁ።"

"እግሩ ስንት ነው?"

"አሥር።"

"እንግዲያው ቄሱን ማስቸገር አያስፈልግም" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ዶክተር ሽሪምፕ ሆኖ ቀረ። ፊቱ ላይም ይሉታል፤ አቤት ይላል።

በሽታውን ያሳዩኝ ግን ዶክተሩ ሳይሆን አብዬ ሰይፉ ናቸው። አብዬ የመንደሩ የንብ አባት ናቸው ብል ማጋነን አይሆንም፤ የብዙው ሰው ቀፎ ውስጥ ያለው ንብ ከእሳቸው ቀፎ በወጣ መንጋ የተጀመረ ነው። ጎበጥ ያሉ፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ላይ ወረንጦ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። መንገደኛ እሾህ ሲወጋው ወረንጦውን ከአንገታቸው አውርደው ያወጡለታል፤ ለንብም የሚጠቀሙት ያንኑ ነው።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ዓይነ እርግቤን አጥልቄ፣ ማጨሻውን አቀጣጥዬ፣ ቀጥታ ወደ ቀፎው ገሰገስኩ። እጄን ያዙኝ።

"ወዴት ነው?"

"ልከፍት ነዋ።"

"የሰው ቤት ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ? ቁጭ በይ።"

ከቀፎው በር ጎን፣ መመላለሻቸውን ሳንዘጋ ተቀመጥን። አብዬ ሳያዩ አይከፍቱም። የምትገባዋ ንብ እግሯ ላይ የአበባ ዱቄት ይዛለች ወይ? የምትወጣዋ በቀጥታ ትበራለች ወይስ ትንገዳገዳለች? በሩ ላይ የተጣለ እጭ አለ ወይ? ከዚያ ጆሯቸውን ቀፎው ላይ ያስጠጉና በጣታቸው አንጓ አንዴ ኳ ያደርጋሉ። ደህና ንብ እም ብሎ ይመልስና ዝም ይላል። የተጨነቀ ንብ እምምታው አይቆምም። ሽንኩርት በልተው፣ ጠላ ቀምሰው፣ ወይም ከሰው ተጣልተው በዋሉ ቀን ቀፎ አይነኩም። "ንብ የሰው ቁጣ ይሸተዋል" ይላሉ። እኔ ሁልጊዜ ስለምቆጣ ብዙ ጊዜ ከግቢያቸው የድንጋይ ካብ ጋ አስቀምጠውኝ ሄደዋል።

ከዚያ ከፈቱ። ደህና እጭ ነጭ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ እንደ ቀለበት ተጠቅልሎ ይተኛል። የታመመው ግን ተዘርግቶ ይሞታል። ጭንቅላቱን ቀና አድርጎ፣ ቡኒ ሆኖ። አብዬ በወረንጦው ጫፍ ይዘው ቀስ ብለው ሲስቡት ውሃ እንደያዘ ትንሽ አቁማዳ ተንጠልጥሎ ወጣ። መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። "ይኸውልሽ" አሉ፤ "ክንፍ ሊያወጣ ነበር።"

ገዳዩ ቫይረስ ነው። ቫይረስ ብቻውን መባዛት አይችልም። ሴል ውስጥ ይገባና ትእዛዙን ያስነብባል፤ ሴሉም የራሱ አለቃ ያዘዘው መስሎት እሱን ማባዛት ይጀምራል። ዶክተር መላኩ ያመጣው መድኃኒት የዚያ ትእዛዝ ቁራጭ ቅጂ ነው፤ ግን ድርብ ሆኖ የተሠራ። ሴል ድርብ መልእክት ሲያገኝ ይጠራጠራል። ይቆራርጠዋል፤ ቁራጩንም እንደ ናሙና ይዞ እሱን የሚመስለውን ትእዛዝ ሁሉ እያደነ ይበጣጥሳል። ቫይረሱ አለ፤ ትእዛዙ ግን አይደርስም። ይህን ጂንን ዝም ማሰኘት ይሉታል። መድኃኒቱ በስኳር ውሃ ይሰጣል፤ ሞግዚት ንቦች ይጠጡትና ለእጮቹ ያጎርሳሉ።

አብዬ ይህን ሰምተው "እንግዲህ ጠላት በጌታችን ስም አዋጅ እያስነገረ ነው፤ እናንተ የአዋጅ ነጋሪውን አፍ ትይዛላችሁ" አሉ። ዶክተሩ በየስብሰባው የሚናገረው ይህንኑ ሆነ።

የስኳሩ ውሃ ዝግጅት የእኔ ሥራ ነበር። ውሃው ፈልቶ ስኳሩ ይሟሟል፤ ከዚያ መጠበቅ ነው። መድኃኒቱ ከበረዶ ሳጥኑ የሚወጣው ውሃው ጣት ሲነከርበት ሙቀቱ የማይታወቅ ሲሆን ብቻ ነው። ሳሕኑ ላይ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ሣር ይነሰነስበታል። የሚሰጠውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው፤ በቀን ከሰጠሽ የሌላ ቀፎ ንብ ሸትቶት ይመጣና ዘረፋ ይጀመራል። ተቸኩሎ የሚሠራ አንድም ነገር የለበትም። እኔ ደግሞ ቸኩዬ ነው የተወለድኩት።

ከቀፎዎቹ ግማሹ መድኃኒት ያለበት፣ ግማሹ መድኃኒት የሌለበት የስኳር ውሃ እንዲያገኙ ዶክተሩ ወሰነ። ለሰዎቹም አልደበቀም። "ካላወዳደርን መድኃኒቱ አዳነ ወይስ ዝናቡ አዳነ፣ በምን እናውቃለን?" አለ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ራስ መነቅነቅ ግን እሺ ማለት እንዳልሆነ ኋላ ነው የገባኝ።

ለፋሲካ ቤተሰቦቼ ጋ ሄድኩ። የበረዶ ሳጥኑና የተለካው መድኃኒት አብዬ ቤት ቀረ፤ የየቀፎውን ድርሻ ያውቃሉ፤ ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ስመለስ የስኳር ውሃው ጄሪካኖች ሁሉ ታጥበው ካቡ ላይ ተደፍተዋል። አብዬ በሩ ላይ ሆነው ፈገግ ብለው ጠበቁኝ።

"ሰጣችሁ?" አልኩ።

"ሰጠን። ለሁሉም ደረሰ።"

"ለሁሉም ማለት?"

"ደባልቀን እኩል አካፈልነው።"

ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ ጮኼ ነበር። ጩኸቱን ሰምተው እትዬ አሰለፈች ከታች ወጡ።

"ምን ሆነሽ ነው? የሞተ አለ?"

"መድኃኒቱን ደባለቃችሁት!"

"እና? የኔ ንብ የእንጀራ ልጅ ነው? የሌላው መድኃኒት ይጠጣል፣ የኔ ስኳር ይልሳል? የጋራ የሣር መሬታችን ጓሳ ሲከፈት ሣሩን ሁሉም በአንድ ቀን አይደለም የሚያጭደው? ቀድሞ የገባ አይቀጣም? እዚህ ሲሆን ሕጉ ምን ሆነ?"

በዚህ አገር ተካፍሎ የሚኖረው ሰው ደግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሣሩ እንዲተርፍ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እንዳይጋደል ነው። አብዬ የሽማግሌ ሥራቸውን ሠርተዋል። እሳቸው ባይደባልቁት መንደሩ ይጣላ ነበር።

ግን መድኃኒቱ ለግማሹ ቀፎ ብቻ የተለካ ነው። ለሁሉም ሲዳረስ ለማንም አልበቃም። ክረምቱ ሳይገባ እጭ በየቀፎው ተዘርግቶ ሞተ፤ ብዙ ንብ ቀፎውን ጥሎ ኮበለለ። የምናወዳድረውም ነገር አልቀረም። ዶክተር መላኩ መጥቶ በየቀፎው ዞሮ አየና ካቡ ላይ ተቀመጠ። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ አብዬን "የተረፈ አለ?" ብቻ አላቸው። የበላዮቹ ሌላ አንድ ወቅት ብቻ እንደሚፈቅዱለት፣ ያም ካልሰመረ ሥራው እንደሚዘጋ የነገረኝ ስንመለስ መንገድ ላይ ነው።

"ማን መድኃኒቱን እንደሚያገኝ እንዴት ነበር የመረጥከው?" አልኩት።

"አልመረጥኩም። ኮምፒዩተር ነው በዕጣ ያወጣው።"

"ኮምፒዩተሩን ማን አየው? ዕጣ ከሆነ ሰው ፊት ይውጣ።"

"ይቻላል" አለ።

እንደ አገሩ ልማድ አደረግነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ባለ ቀፎው ሁሉ ተሰበሰበ፤ እያንዳንዱ ምልክቱን ነጠላ ላይ ጣለ። አዝራር የጣለ አለ፣ የባቄላ ፍሬ የጣለ አለ፤ እትዬ አሰለፈች የጆሮ ኩክ ማውጫቸውን፣ አብዬ ሰይፉ ወረንጦአቸውን ጣሉ። ዕጣውን የሚያነሣው የማን ምልክት የቱ እንደሆነ የማያውቅ ሰው መሆን አለበት። አህያ የሚነዳ አንድ ጨው ነጋዴ በመንገዱ ሲያልፍ አስቆሙት።

"ምን አጠፋሁ?" አለ።

"ምንም። እጅህን አውሰን።"

"አህያዬንስ?"

"አህያህን ንብ አይወስዳትም፤ ና አንሣ" አሉት እትዬ አሰለፈች።

ግማሹን እንዲያነሣ ተነገረው። የተነሣለት መድኃኒቱን ያገኛል፤ የቀረው ስኳር ውሃውን። ዶክተሩ ሁሉም በሰማበት ቃል ገባ፦ መድኃኒቱ ከሠራ በሚቀጥለው ወቅት መጀመሪያ የሚያገኙት የቀሩት ናቸው። ነጋዴው አዝራሩን አነሣ፤ ኩክ ማውጫዋን አነሣ፤ እየቀጠለ ሄደ። ሲጨርስ ወረንጦው ነጠላው ላይ ነበር።

ነጋዴው ፊታችንን እያየ "ምነው፣ ክፉ ነገር አደረግሁ?" ብሎ ጠየቀ። አብዬ ወረንጦውን አንሥተው አንገታቸው ላይ መለሱ።

"አንተ ምንም አላደረግህም" አሉት። ወደ እኔ ዞረው "በይ፣ የስኳር ውሃዬን አምጪ" አሉ።

በዚያ ወቅት ማንም ምንም አልደባለቀም። ሰዉ በፊቱ በወጣ ዕጣ አይከራከርም። እኔ የየቀፎውን የማር እንጀራ ፎቶ እያነሣሁ እልካለሁ፤ የትኛው ቀፎ ምን እንደጠጣ የማያውቁ ሰዎች አዲስ አበባ ሆነው እጩን ይቆጥራሉ። ልዩነቱ ግን ሳይቆጠርም ይታይ ነበር። የእትዬ አሰለፈች ቀፎ ውስጥ ነጭ ቀለበት በረድፍ ተኝቷል። የአብዬ ቀፎ ውስጥ አቁማዳው በዛ። ከዋናው ቀፏቸው፣ የመንደሩ ንብ ሁሉ ከተራባበት፣ በወረንጦ የሚያወጡት እየበዛ ሄደ።

አልቻልኩም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ስንመግብ መድኃኒት ያለበት ጄሪካን ውስጥ ጥቂት ተረፈ። አንድ ኩባያ የሚሆን። ወደ እሳቸው ቀፎ ይዤው ሄድኩ።

"አብዬ፣ ይቺ ልትደፋ ነው። ለእናትየዋ ቀፎ ልስጣት።"

"ተይ።"

"ትደፋለች እኮ! ማንንም አትጎዳም።"

ከተቀመጡበት አልተነሡም። "አንቺ ያቺን ቀፎ በስኳር ውሃ ነው ብለሽ አይደለም የምትጽፊያት?"

"ነው።"

"ንቤ ቢድን፣ ሌላ አገር ያለ አንድ ሰው የስኳር ውሃ ያድናል ብሎ ያምናል። ንቡ እያለቀ እሱ ስኳር ሲያቀርብ ይውላል። ያ ሰውዬ ምን አደረገኝ?"

ኩባያውን እዚያው ደፋሁት። ለዶክተሩ ስነግረው "እኔ ብሆን እንጃ" አለ።

የእናትየዋ ቀፎ ንቦች የኮበለሉት ጠዋት ነው። አብዬ በሩ ላይ ተቀምጠው ሲያዩ ቆይተው ነበር፤ የሚገባው ያንሳል፤ የሚወጣው አይመለስም፤ የቀፎው እምምታ ግን ጨመረ። "ሊሄዱ ነው" አሉ። እንዳሉት በሩን ሞልተው ወጡ፤ ከባሕር ዛፉ በላይ ደመና ሠርተው ዞሩ። አብዬ አፈር እያፈሱ ወደ ላይ በተኑ፣ አፏጩ፤ የሄደ መንጋ እንዲያርፍ የሚደረገው እንዲህ ነው። እኔ ዓይነ እርግቡን ጥዬ በመስኩ ሮጥኩ፤ ዝቅ ብለው የሚያርፉ መስሎኝ አፈር እየበተንኩ መሐላቸው ገባሁ። አላረፉም። ቁልቁል ወደ ገደሉ በረሩ። እኔን ግን በየቦታው ነድፈውኛል። ከዚያ በፊት ስንቴ ተነድፌ እብጠት ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ግን ከንፈሬ ደነዘዘ፤ ትንፋሽ አጠረኝ። አብዬና እትዬ አሰለፈች በቃሬዛ አሸክመው ጤና ጣቢያ አደረሱኝ። መንገዱን ሁሉ እትዬ አሰለፈች ሲሰድቡኝ ይሰማኛል፦ "አንቺ የማትረቢ፣ ንብ በሩጫ ይያዛል? ተንፍሺ። ዝም አትበይ፣ ተንፍሺ።"

የመስክ ሥራዬ እዚያ ላይ አበቃ።

ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ፎቶ ኮፒ ቤት ድረስ መጥቶ ነገረኝ። መድኃኒቱ ሠርቷል። ከጠጡት ቀፎዎች ብዙዎቹ ተርፈዋል፤ ጥቂቶቹ አልተረፉም። ስኳር ብቻ ከጠጡት የተረፈ እምብዛም የለም። አንድ ወቅትም ተጨመረለት። ደስ አለው። ከዚያ "አብዬ ግን መድኃኒቱ የሚሰጠው ንብ የላቸውም" አለና ደስታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

አደይ ሲፈነዳ የእትዬ አሰለፈች ቀፎ ተባዛ፤ አዲስ መንጋ ወጣ። እትዬ በቅርጫት ይዘው፣ በነጠላ ሸፍነው፣ ራሳቸው ተሸክመው አብዬ ቤት ወሰዱት። "ብድር ነው፤ ስጦታ እንዳይመስልህ" አሏቸው። "ስትጠግብ ትመልሳለህ።"

"መቼ ጠግቤ አውቃለሁ?" አሉ አብዬ።

በተገባላቸው ቃል መሠረት መድኃኒቱ መጀመሪያ የደረሰው ለእሳቸውና ለቀሩት ነው። ንቦቹ ከተመገቡት በኋላ አንድ ሰንበት ከሞላሌ ወረድኩ። ሐኪሙ ወደ ቀፎ አትጠጊ ብሎኛል፤ አልተጠጋሁም። ከካቡ ውጭ፣ ነፋሱ ወደ እነሱ በሚሄድበት በኩል፣ ርቄ ቆምኩ። አብዬ በሩ ላይ ተቀምጠው አዩ። ጆሯቸውን አስጠጉ። አንዴ ኳ አደረጉ። ከዚያ ከፈቱ፤ እንጀራውን ወደ ፀሐይ አነሡት።

"ምን ይታያል?" ብዬ ጮህኩ።

"ቆይ።"

"አብዬ!"

"ቆይ እኮ አልኩሽ። ነጭ ነው።"

"ተጠቅልሏል?"

"ተጠቅልሏል። የሚቀጥለውም ነጭ። የሚቀጥለውም።"

በጣታቸው ክፍል በክፍል እየጠቆሙ ጠሩልኝ፤ ነጭ፣ ነጭ፣ ነጭ። መሐል ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ።

"ምነው?"

"ይቺኛዋ ተዘርግታለች።"

"አንዷ ብቻ ናት?"

ጎንበስ ብለው ረጅም ጊዜ አዩ። "አንዷ ብቻ ናት" አሉ። በወረንጦው አወጧትና ራቅ አድርገው ጣሏት። ከዚያ ጣታቸውን ወደሚቀጥለው ክፍል አሻገሩ።

"ነጭ" አሉ።